ማፈር ካለብን መሬት ላይ እንፈር

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ ቦሌ አርፈን የኮክፒቱን በር ከፍቼ ተሳፋሪ እሰናበት ነበር። ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንት ፊቴ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ልጄ፣ የነዳኸው አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ።»

«የመጀመሪያውን ስተህ ነው?»

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሳቀ። አስተናጋጇ ፊቷን አዞረች። ለእንደዚህ ዓይነት ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለን። «በአየር ጠባዩ ምክንያት» እንላለን፤ ውሸትም አይደለም። ያን ቀን ግን አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

«አዎ አባባ፣ ስቼ ነው።»

«በል እግዜር ይስጥህ። ዋናው መድገሙ ነው» ብለው ደረጃውን በከዘራቸው እየቆጠሩ ወረዱ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር እየተመለስን ነበር። ለእኔ የቀኑ አራተኛ በረራ ነው። በዚያ ላይ የእህቴ ልጅ ክርስትና የተነሳችበት ቀን ነበር። ከመነሳታችን በፊት እህቴ «ዶሮው እያለቀ ነው፣ ቶሎ ና» ብላ ጽፋልኛለች። ይህን የምነግራችሁ ወጡን ለማስጎምጀት አይደለም። አብራሪ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ስላለች ነው። ቤት የመድረስ ጉጉት የበረራ ደኅንነት ትምህርት ላይ ራሱን የቻለ ርዕስ አለው። ስማር እሱን ገጽ ቶሎ ያለፍኩት ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ስንደርስ የሐምሌ ሰማይ እንደምታውቁት ነው። ከእንጦጦ በኩል የጠቆረ ዳመና ወርዷል፤ ነፋሱም ዞሮ ከኋላችን ይገፋናል።

እዚህ ላይ ስለ ቦሌ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማኮብኮቢያው ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ደግሞ የሚለካው የሚመጣበትን አየር ግፊት ነው። ስለዚህ ቦሌ ላይ መለኪያው 145 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ሲል አውሮፕላኑ በእውነት አየሩን የሚሰነጥቀው በ165 ኖት ገደማ ነው። በዚያ ላይ 12 ኖት ነፋስ ከኋላ ሲጨመር መሬቱ ወደ 180 በሚጠጋ ፍጥነት ይመጣብሃል። ጅቡቲ ወይም ዱባይ ባሕሩ ዳር ሲያርፍ የኖረ አብራሪ ቦሌ ላይ መጀመሪያ ሲመጣ «ምነው ዛሬ ሁሉም ነገር ቸኮለ?» የሚለው ለዚህ ነው። የእኛ ልጆች ግን የተማሩት እዚሁ ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ ሲሄዱ አውሮፕላኑ የቆመ ይመስላቸዋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከትክክለኛው የመውረጃ መስመር ትንሽ ከፍ ብለናል። መስመሩን ለመያዝ አፍንጫውን ዝቅ አደረግኩ። የመውረድ ፍጥነታችን በደቂቃ ከ1,000 ጫማ አለፈ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከማኮብኮቢያው 1,000 ጫማ ከፍታ ላይ ስትደርስ ሁሉም ነገር መርጋት አለበት። ፍጥነቱ፣ ጎማው፣ የክንፉ ፍላፕ፣ የመውረድ ፍጥነቱ። የኋላ ነፋሱም ከተፈቀደው ልክ ማለፍ የለበትም። አንዷ ካልተሟላች ትተህ ትነሳለህ። ክርክር የለም።

ረዳት አብራሪዬ ወጣት ሴት ናት። ከእኔ ጋር ስትበር ያ ሦስተኛዋ ወይም አራተኛዋ ቢሆን ነው። «1,000» ብላ ጠራች። እኔ በልቤ «ትንሽ ነው፤ አሁን ይስተካከላል» አልኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር በልቡ ብሎ የማያውቅ አብራሪ ካለ ወይ ገና አልበረረም ወይ እየዋሸ ነው።

«አንስቴብል። ጎ አራውንድ።»

«አልረጋም፤ ትተህ ተነሳ» ማለቷ ነው። ድምጿ ከፍ አላለም። አልተንቀጠቀጠም። ሁለት ነገር ብቻ አለች።

እጄ ከአእምሮዬ ቀድሞ ታዘዘ፤ ሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ የምንለማመድበት አስመሳይ ኮክፒት፣ የሚሠራው ይህንን ነው። ከኃይል ማንሻው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሞተሮቹ አገሱ፣ አፍንጫው ቀና አለ፣ ጎማ ተሰበሰበ። ከኋላ ሕፃን ሲያለቅስ በበሩ በኩል ሰማሁ። ከተረጋጋን በኋላ ማይክሮፎኑን አንስቼ «ነፋሱ ስላልተመቸን ዳግመኛ እንሞክራለን፤ ነዳጅ በቂ አለን፤ አትስጉ» አልኩ። ከከተማዋ ወጣ ብለን ስንዞር ቆየን። ዝናቡ አለፈ፤ ነፋሱም ሐሳቡን ቀየረ። ሁለተኛው ማረፍ ላይ ምንም የሚወራ ነገር የለም። የማይወራበት ማረፍ ደግሞ ጥሩ ማረፍ ነው።

ሞተር ካጠፋን በኋላ ወደ እሷ ዞር አልኩ። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እያየችው ነበር። ያኔ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው። «አመሰግናለሁ» አልኳት። «ይቅርታ ካፒቴን፣ እርስዎን…» ብላ ጀመረች። «ይቅርታ የሚባል ነገር የለም» አልኩና ማኪያቶ ጋበዝኳት። ዶሮው ግን አልቆ ነበር። እህቴ እስከ ዛሬ አልማረችኝም።

«እርስዎ» ያለችው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ። ኮክፒት ውስጥ «ጎ አራውንድ» ያለችኝ ልጅ፣ ሞተሩ እንደጠፋ «እርስዎ» ውስጥ ተመልሳ ገባች።

እኛ ትልቅ ሰው ሲናገር ጣልቃ አትግባ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ቋንቋችን ራሱ ደረጃ አለው፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ። ለታላቅህ «ተሳስተዋል» ማለት ሰዋስዉ ልክ ቢሆንም ጆሮ ላይ ስድብ ይመስላል። ስለዚህ እናለዝበዋለን። «ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ካልሆነ በስተቀር…» እንላለን። መሬት ላይ ያምራል። በ180 ኖት ግን ይህን ብለህ እስክትጨርስ አምስት ሰከንድ ይሄዳል፤ አውሮፕላኑ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። ዋናውን ነገር ገና አልተናገርክም።

ኮክፒት ውስጥ ጥሪዎቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ለዓለም አቀፍ መግባቢያ ነው፤ ይህ የታወቀ ነው። ለእኛ ግን ሌላም ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ። «ጎ አራውንድ» ውስጥ አንተም እርስዎም የለም። ማንም ለማንም ሊለው ይችላል። በብዙ አየር መንገዶች ደንቡ ደግሞ ይህ ቃል ከተባለ የሚያበረው ሰው «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ይነሳል። ጥያቄው ላይ ወጥተው ከተረጋጉ በኋላ ወይም ከማኪያቶው ጋር ይደርሳል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ገና አዲስ ረዳት አብራሪ ሳለሁ፣ ዳሽ 8 በምትባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ላይ፣ ከጎንደር ወደ አክሱም እንበር ነበር። ካፒቴኑ ፀጉሩ የሸበተ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል። ከበታችን የሰሜን ተራሮች አሉ፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ያን ቀን ግን ተራራውን ዳመና ሸፍኖት አይታይም። ተቆጣጣሪው አዲስ ከፍታ ሰጠን። ካፒቴኑ ቁጥሩን መምረጫው ላይ አስገባ። ያስገባው ከተሰጠን በ1,000 ጫማ ዝቅ ያለ ነበር።

ደንቡ አንዱ ሲያስገባ ሌላው በጣቱ ጠቁሞ ያነባል ነው። ጣቴን ዘረጋሁ። ቁጥሩን አየሁት። የሰማሁት ሌላ ነው። ከዚያ ጭንቅላቴ ሥራውን ጀመረ። «እሱ ሃያ ዓመት የበረረ ሰው ነው። አንተ ማነህ? የሰማኸው አንተ ብትሆንስ የተሳሳትከው?» ዝም አልኩ። «ቼክድ» (አይቻለሁ፣ ልክ ነው) ማለት እንኳ አቃተኝ፤ አጉተመተምኩ።

ካፒቴኑ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ዞር ብሎ አየውና ግንባሩን ቋጠረ። ተቆጣጣሪውን ጠየቀ፣ አስተካከለ። ሁሉም ነገር ያለቀው በጥቂት ሰከንድ ነው። ተሳፋሪው ኦቾሎኒውን እየበላ ነበር።

አክሱም አርፈን አውሮፕላኑን እየዞርን ስናይ ከጎማው አጠገብ ቆመ።

«ቁጥሩን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ ካፒቴን።»

«ልክ መስሎህ ነው?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«አፈርኩ።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገውና «ስማ» አለኝ። «ማፈር ካለብን መሬት ላይ እንፈር።» ከዚያ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሌላ ምንም አላለም። ያን ቀን የነገረኝን ያህል የትኛውም የክፍል ትምህርት አልነገረኝም።

ይህ ግን የአበሻ ነገር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የዓለማችን ትልቁ የአውሮፕላን አደጋ ውስጥ ያለው ይኸው ዝምታ ነው። ማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ.፣ በካናሪ ደሴቶች፣ ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ። ሁለቱም አውሮፕላኖች እዚያ መሆን አልነበረባቸውም፤ ሊያርፉበት የነበረው አየር ማረፊያ ቦምብ ፈንድቶበት ነው ወደዚያ የተላኩት። ጉም ወረደ። የሆላንዱ ካፒቴን በኩባንያው ውስጥ የተከበረ አሠልጣኝ ነበር፤ ፎቶው የአየር መንገዱ ማስታወቂያ ላይ የወጣ ሰው። የመነሳት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ በሬዲዮ የሰማው ነገር አላማረውም። ሌላኛው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው አልወጣም ወይ ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ወጥቷል ብሎ በሙሉ ልብ መለሰ። መሐንዲሱ ዳግመኛ አልጠየቀም።

የበረራ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ መሐንዲሱ ነው። እሱ ጠይቋል እኮ! የጎደለው ሁለተኛው ጊዜ ነው። ሌላው ችግር በጥያቄ መልክ ማለቱ ነው። «አልወጣም ወይ?» እና «አቁም!» አንድ አይደሉም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ፖርትላንድ አካባቢ አንድ ዲሲ-8 የመንገደኞች አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ። ካፒቴኑ የጎማውን ችግር ሲያጣራ አንድ ሰዓት ያህል ሲዞሩ ነበር። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ያውቃሉ፤ ጠቆም ጠቆም አድርገዋል፤ አልጮኹም። አሥር ሰው ሞተ። ዛሬ ሲ አር ኤም እያልን በየዓመቱ የምንሠለጥነው ነገር መስፋፋት የጀመረው ከእነዚህ በኋላ ነው። ባጭሩ ለካፒቴኑ መስማትን፣ ለረዳቱ መናገርን የሚያስተምር ትምህርት ነው። የትኛው ይከብዳል ብትሉኝ መስማቱ እላለሁ። አሁን ካፒቴን ስሆን ነው የገባኝ።

ዝምታው ደግሞ ኮክፒት ውስጥ ብቻ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን 737 ማክስ እኛ አገር የማያስታውሰው የለም። 157 ሰው። ከዚያ ከአራት ወር ከግማሽ ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ ተመሳሳዩ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ገብቷል። አንድ ዳሳሽ የተሳሳተ መረጃ ሲሰጥ፣ ኤምካስ የሚባል ሥርዓት ደጋግሞ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። ኢንዶኔዥያ ላይ አደጋው እስኪደርስ ድረስ ይህ ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። ያለ ነገር አልተነገረንም ማለት ነው። እሑድ ጠዋት ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። እስከ ዛሬ በዚያ አቅጣጫ ስነሳ በስተግራም በስተቀኝም ብሆን ዓይኔ ሳልፈልግ ወደ ታች ይሄዳል።

ይህን ሁሉ አንብቦ «እኔ ከእንግዲህ በአውቶቡስ ነው የምሄደው» የሚል ሰው አይጠፋም። ተው ወንድሜ። መንገዱን ታውቀዋለህ። እያንዳንዱ ከላይ ያነሳሁት አደጋ ዛሬ የማደርገውን አንድ ነገር ቀይሯል። ባሕር ዳር ስነሳ ርግብ እፈልጋለሁ፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. እዚያው ሲነሳ የነበረ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶ 104 ሰው ከያዘው ውስጥ 35ቱ ሞተዋል። ርግብ! ሥዕል ላይ የሰላም ምልክት የሆነችው።

እግረ መንገዴን አንድ ቅሬታ ላሰማ። ዝናብ ላይ ስናርፍ «ካፒቴኑ ወረወረን» የምትሉ ሰዎች አላችሁ። እርጥብ ማኮብኮቢያ ላይ ጠንከር አድርገን የምናሳርፈው ሆን ብለን ነው። ጎማው ውኃውን ሰንጥቆ አስፋልቱን መያዝ አለበት። እንደ ላባ ካረፍን ውኃው ላይ ተንሳፍፈን ልንሄድ እንችላለን። ስለዚህ በክረምት ዷ! ሲል «ጎበዝ» በሉ። ስናርፍም አውሮፕላኑ ሳይቆም ተነስታችሁ ሻንጣ አታውርዱ። ይህን እንኳ ለእናቴም ነግሬያት አልሰማችኝም።

ስለ ፍርሃት ብዙ አወራሁ። ደስታውስ?

ደስታው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሳይጠራ ነው። ሐምሌ ውስጥ ከቦሌ ስትነሳ ከተማዋ ግራጫ ናት፤ ሰው ጃንጥላ ይዞ ይሯሯጣል፤ መስታወቱ ላይ ዝናብ ይንኳኳል። ዳመናው ውስጥ ገብተህ ጥቂት ደቂቃ ምንም አታይም። ከዚያ በአንድ ጊዜ ትወጣለህ። ፀሐይ! ነጭ በነጭ። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ካየ ሳምንት የሆነው ሰው ስንት እንደሆነ እያሰብኩ የፀሐይ መነጽሬን አወጣለሁ። ትንሽ ይከብደኛል፣ እንደተደበቀ ቆሎ ብቻዬን የምበላ ያህል።

ሌሊት ሰሃራን ስናቋርጥ ከታች አንድም መብራት የሌለበት ሰዓት አለ። ያኔ የኮክፒቱን መብራት እናደበዝዛለን። ኮከብ እዚያ ላይ ከላይ ብቻ አይደለም፤ በጎንም አለ።

ከቤይሩት ወይም ከጅዳ የምንመጣበትን ደግሞ አልረሳም። ዓመታት የሠሩ እህቶቻችን ተቀምጠዋል። ጎማው ቦሌን ሲነካ እልልታው በተቆለፈው በር አልፎ ይመጣል። እኔ ያኔ ብሬክ ላይ ነኝ፤ ዞር ማለት አልችልም። ግን ምን ልበላችሁ፣ ፀጉሬ ይቆማል።

ባለፈው ጥር ከዚያች ረዳት አብራሪ ጋር ወደ ጎንደር ወጣን። ጠዋት ነው። አንድም ዳመና የለም። ደብረ ታቦርን አለፍ ስንል እርሻው ሁሉ ታጭዶ ቡናማ ሆኗል። መሐሉ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ክቦች፣ አንድ ሰው በማኅተም እየረገጠ የሄደ ይመስል ተበትነዋል። እያንዳንዱ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደን ቀርቶ ያለው እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻ ስለሆነ። አንዳንዱ መሐል ላይ ቆርቆሮው ብልጭ ይላል። ታች ሆነህ ይህን አታየውም፤ ዛፍ ብቻ ነው የምታየው።

ከፍታችን ገና ከ10,000 ጫማ በላይ ነበር፤ ከዚያ በታች ከሥራ ውጪ ወሬ አይፈቀድም። ስለዚህ ጊዜ ነበረን። በኔ በኩል ያሉትን ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። እሷ አንገቷን አስግጋ በእኔ መስኮት ታያለች።

«አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት…»

«አሥራ አራት» አለች። «ካፒቴን፣ ከወንዙ ማዶ አንዱን ዘለሉት።»

ዞር ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው።